ከሚንጃር የመጣ አጥር

ሰው ጀምሮ እስኪጨርስ መጠበቅ አልችልበትም። ባለቤቴ ገነነ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ጽጌ፣ የጀመርኩትን እኔው ልጨርሰው እንጂ» ይለኝ ነበር። እኔም «ታዲያ ፈጠን በላ» እለዋለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኛ ምን እንደሚፈልግ ተናግሮ ሳይጨርስ ወገቡን ለክቼ ጨርሻለሁ። ይህ ጠባዬ በሥራዬ ጠቅሞኛል፤ ባለፈው መስከረም ግን አንድ አጥር ሊያሳጣኝ ነበር።

አፍንጮ በር ላይ የእኛ ግቢና የፋሩቅ ግቢ የሚለዩት በአጥር ነው። ግንብ ወይም ቆርቆሮ ማለቴ አይደለም፤ በቅሎ ያደገ አጥር። አጋም አለበት፣ ቀጋ አለበት፣ እንዶድ ተጠምጥሞበታል፣ ከታች ደግሞ ስሙን የማላውቀው ብዙ ነገር ተጠላልፎበታል። ገነነ ገና እንደተጋባን ሚንጃር ሄዶ፣ ከአባቱ እርሻ ድንበር ላይ ቡቃያውን ከነአፈሩ ነቅሎ፣ በጆንያ ጠቅልሎ በአውቶቡስ አምጥቶ ነው የተከለው። «ለሌላዋ ባሏ ከገጠር ቅቤ ያመጣላታል፣ የእኔው እሾህ ይዞልኝ መጣ» ብዬ ሰፈሩን አሥቄበታለሁ። አልተቆጣም። «ቆይ ይደግ፣ ከዚያ ትሰሚዋለሽ» አለኝ።

እውነቱን ነበር። አጥሩ ከሰው ቁመት ሲያልፍ ወፎቹ መጡ። ዋኖሶች፣ ድንቢጦች፣ አበባ ውስጥ ምንቃሯን ነክራ የምትመጥ አረንጓዴ ነገር። ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ደረቷ ብርቱካንማ፣ ከዓይኗ በላይ ነጭ መስመር ያላት ወፍ። ሰማዩ ሳይገለጥ ትጀምራለች፤ አንዴ ታፏጫለች፣ አንዴ ታጉረመርማለች፣ ደግሞ የሌላውን ወፍ ድምፅ ትሰርቃለች። ገነነ «ቀስቃሽ» ብሎ ስም አወጣላት። እሷ ስትጀምር እሱ ይነሣና በጨለማ ጫማውን ይፈልጋል።

ገነነ ካረፈ ወዲህም ቀስቃሽ አላቆመችም። ዓይኔን ሳልገልጥ እሰማታለሁ፤ ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ገነነ አልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ ጫማውን እየፈለገ ይመስለኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለፍላፊ ሰው ሆዱ ባዶ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ የእኔ ግን ዋናው ነገር ውስጤ ነው የሚቀረው።

ሰፈሩ ድሮ አጥር በአጥር ነበር። አሁን አንዱ በብሎኬት፣ ሌላው በቆርቆሮ ቀይሮታል፤ አይፈረድባቸውም፣ ሌባ አለ። የቀረው የእኛ ነው። ለዚህም ይመስለኛል የሰፈሩ ወፍ ሁሉ ተጠራቅሞ እኛ ጋ የሚንጫጫው። በአጥሩ መሀል ደግሞ አንድ ሽንቁር አለ። ልጄ ሐሴትና የፋሩቅ ልጅ ኢክላስ በልጅነታቸው ሲሽሎኮሎኩ የከፈቱት ነው። የአንዷ ቀሚስ በአጋም እሾህ ሲቀደድ የምጠቅመው እኔ፣ የምቆጣውም እኔ ነበርኩ።

የኢክላስ ሠርግ ሲደርስ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፋሩቅ በበሩ ዞሮ መጣ። ፋሩቅ ፒያሳ የልብስ ቁልፍ፣ ክርና ዚፕ ይሸጣል፤ ከእሱ ሱቅ ያልገዛሁት ክር የለኝም። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ለእኔ ፈተና ነው። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገና፣

«ጽጌ፣ የልጅቷ ሠርግ ደረሰ። እንግዲህ ግቢሽን…» አለ።

«ይሄም ይጠየቃል?» አልኩት። «ግቢው ያንተው አይደል? አጥሩን አስነቅለውና አንድ ትልቅ ድንኳን ትከልበት። የኢክላስ ሠርግ እዚህና እዚያ ተቆራርጦ አያምርም።»

የፋሩቅ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ወደ አጥሩ ዞሮ አየ፣ እኔን አየ። «አጥሩን?» አለ።

«አዎ፣ አጥሩን። ምን ቁም ነገር አለው?»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ገነነ ሲሞት የለቅሶው ድንኳን የት ነበር የተተከለው? አንተ ግቢ አይደለም? ከለቅሶተኛው ጋር መሬት ላይ ያደርከው አንተ አይደለህም? ዛሬ እኔን አጥር ያሳሳኛል?»

«እንግዲያው እንዳልሽ» ብሎ ኮፍያውን አደረገ። ሲወጣ በአጥሩ ዳር ዳር ነው የሄደው፤ እጁን በቅጠሉ ላይ እያሳለፈ። እኔም የሰጠሁት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ እሱ በሩን ከዘጋ በኋላ ነው። ግን ቃል ከአፍ ወጥቷል። ለሠርግ የተሰጠ ነገር ደግሞ አይመለስም፤ ቢመልሱት ልጅቷ ላይ ክፉ ምኞት ይመስላል።

ሐሴት በዚያው ሰሞን ከሚንጃር ተመለሰች። አራት ኪሎ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው፤ የምታጠናው በእርሻ ድንበር ላይ ያለውን አጥርና በውስጡ የሚኖሩትን ወፎች ነው። አባቷ በአውቶቡስ እሾህ ጭኖ መጣ፣ ልጁ ደግሞ እሾህ ለማየት በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ ምን ይባላል። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ገባች። ቦርሳዋን ሳታወርድ፣

«እማዬ፣ የአያቴ አጥር የለም» አለችኝ።

«እንዴት የለም?»

«ጋሽ እምሩ ክረምት ሳይገባ በዶዘር አስነቅለውታል።» እምሩ የገነነ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የአባታቸውን መሬት የሚያርሱት እሳቸው ናቸው። «ትራክተሩ መዞሪያ አጣ ብለው ነው። ጎረቤቶቻቸውም ነቅለዋል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ገላጣ ሜዳ ሆኗል።»

ተቀመጠችና ጫማዋን መፍታት ጀመረች፤ ግን አንዱን ፈትታ ሌላውን ረሳችው። «ዓምና እዚያ አጥር ሥር ተቀምጬ መቅዳት እስኪያቅተኝ ድረስ ነበር የሚንጫጩት። ዘንድሮ ዝም ነው። ወፍ ጠፋ ማለቴ አይደለም፤ እህል የሚበሉት በመንጋ ይመጣሉ። የጠፉት ትል የሚለቅሙት ናቸው፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ጎጆ የሚሠሩት። ቀስቃሽ የለችም። ጋሽ እምሩ ደግሞ ትል አስቸገረኝ እያሉ መድኃኒት ይረጫሉ።»

«ታዲያ ሌላ ቦታ አይሄዱም? ክንፍ አላቸው።»

«በየት በኩል ይሂዱ? አጥር ለነሱ ቤት ብቻ አይደለም እኮ፣ መንገድም ነው። ከእርሻው ወደ ወንዙ የሚሄዱት በአጥሩ ውስጥ ለውስጥ ነበር። ገላጣውን አቋርጠው ለመሄድ አይደፍሩም፤ ጭልፊት አለ።»

«ለእምሩ ነገርሻቸው?»

«ምን ብዬ? ልጆቻቸው ብዙ፣ መሬቱ ያው። ምሳ አብልተውኝ፣ ማር አሲዘውኝ ነው የሸኙኝ።» ከዚያ ቀና ብላ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየችና ፊቷ ፈታ አለ። «ደግነቱ የእኛ አለ። የዚያ አጥር ልጅ እኮ ነው።»

መርፌዬ ከእጄ ወደቀ። እሷ ግን በአንድ እግሯ ጫማ፣ በአንዱ ካልሲ ወደ አጥሩ ወጥታ ነበር። ብዙም ሳትቆይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ተመለሰች። «ነይ እዪ» አለች በሹክሹክታ። «ከሽንቁሩ በላይ ጎጆ ሠርታለች። ጫጩቶች አሏት፣ ገና ላባ ያላወጡ።»

ያኔ ነገርኳት። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር፣ በጮኸችብኝ ይሻል ነበር። «ቃል ሰጥተሻል?» አለች። ሰጥቻለሁ አልኳት። «እንግዲህ ኢክላስ ናት» አለችና ሌላውን ጫማዋን ፈታች። ለኢክላስ ሲሆን እሷም እንደ እኔ ናት፤ እምቢ ማለት አታውቅም።

በማግሥቱ ታክሲ ይዤ ፒያሳ ወረድኩ። ቃሌን እንዴት እንደምመልስ መንገዱን ሁሉ ስለማመድ ነበር። የፋሩቅ የድሮ ሱቅ የነበረበት ረድፍ ፈርሷል፤ አሁን ያለው ከኋላ በኩል፣ ባንኮኒና ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ጠባብ ናት። የቀድሞ ጎረቤቶቹ ዳር ከተማ ተበትነዋል። ለሠርጉ ግን ሁሉም ይመጣሉ፤ ለዚህም ነው ድንኳኑ ትልቅ መሆን አለበት ብዬ ያመንኩት። ፋሩቅ ሲያየኝ ተነሣ፣ ካጠገቡ ካለው ካፌ ማኪያቶ አስመጣልኝ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ልጅ የሚድር አባት እንዲህ ነው ብዬ አለፍኩት።

«ጽጌ» አለ፣ የቁልፍ ሣጥኖቹን ያለ ምክንያት እያስተካከለ። «ያ የአጥሩ ነገር…»

ይኸው በሩን ከፈተልኝ። ዝም ብዬ ብሰማው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ልመና ሊጀምር፣ ሊያመሰግነኝ፣ ዕዳ ሊመስለው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሐፍረት ያዘኝ። «ስለ አጥሩ ደግሞ ታስባለህ እንዴ?» አልኩት። «አንተ ድንኳኑን አግኝ ብቻ።»

«ድንኳኑንስ አገኘሁ» አለ ቀዝቀዝ ብሎ። «አስገዶም ሐሙስ ጧት መጥረቢያውን ይዞ ይመጣል።»

ማኪያቶዬን ጨረስኩ። እንዲያው ባዶ እጄን እንዳልመለስ ነጭ ክር ገዝቼ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ራሴን የሰደብኩትን ስድብ እዚህ መጻፍ አይቻልም።

አስገዶም የሰፈራችን ዛፍ ቆራጭ ነው፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው። ሐሙስ ጧት መጥቶ ከበሩ በኩል ካለው ጫፍ ጀመረ። ፋሩቅና ባለቤቱ ሸምሲያ በወዲያ በኩል ቆመዋል፤ እኔ በወዲህ። ሐሴት ሽንቁሩ ጋ ሄዳ ቆመች። ኢክላስ፣ እጇ በሒና አጊጦ፣ በወዲያ በኩል መጣችና እጇን በሽንቁሩ አሾለከች፤ ሐሴት ያዘቻት። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ አንዷ ስለምትሄድ፣ አንዷ ስለምትቀር መሰለኝ።

መጀመሪያ የወደቀው ትልቁ አጋም ነው። ድንቢጦቹ በአንዴ ግር ብለው ተነሡና የሚያርፉበት አጥተው ቆርቆሮ ላይ ተደረደሩ። አስገዶም ወደ ቀጋው አለፈ። ያኔ ቀስቃሽ ከመሀል ወጣች። አልዘፈነችም። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለለች ጭክ፣ ጭክ ትላለች፤ ወደ ጎጆዋ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ምንቃሯ ላይ ትል ነበር። ያን ሁሉ ስትጮህ አልጣለችውም።

«አስገዶም፣ ቁም» አልኩ።

መጥረቢያው በአየር ላይ ቀረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ፋሩቅ፣ ይቅር በለኝ። ሰጥቻለሁ ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። ጧት ጧት ገነነን የምሰማው እዚህ ውስጥ ነው። ይህ ከሄደ ቤቱ ጭር ይልብኛል። ለኢክላስ ሌላ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፣ ቤቴን አፍርሱ፣ ይሄን ግን አልችልም።»

ፋሩቅ አጠገቡ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የተቀየመ መሰለኝ።

«አልሃምዱሊላህ» አለ ከእጁ ውስጥ።

«ምን አልክ?»

«ጽጌ፣ እኔ እኮ ያን ቀን የመጣሁት የክርስቲያኑን ድግስ በአንቺ ግቢ አዘጋጂልን ልልሽ ነው። የእናንተ እርድና ድስት በወዲህ፣ የእኛው በወዲያ። ሁለት ትንንሽ ድንኳን፣ አጥሩ መሀል ሆኖ። እንደ ማንኛውም ሰው ሠርግ።»

እንደ ማንኛውም ሰው ሠርግ። በሰፈራችን እስላምና ክርስቲያን ሲጠራሩ የሥጋው ነገር እንዲህ ነው፤ እርዱ ለየብቻ፣ ወጡ ለየብቻ፣ ደስታው አንድ ላይ። ስንት ዓመት የኖርኩበትን ነገር ነው ሰውየው ሊጠይቀኝ የመጣው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች አስጨረስሽኝ?»

አስገዶም ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ፋሩቅ ግን አልሳቀም። «ደግሞ ገነነን የሚያስታውስሽን ነገር ልትነቅዪ የፈለግሽ መሰለኝ» አለ። «ለሸምሲያም ኀዘኗን ልታወጣ ነው፣ አንዳች ነገር እንዳትናገሪ አልኳት። ወላሂ፣ የእኔን እጅ ነው የቆረጥሽው።»

«እኔስ ብትይ» አለች ሸምሲያ በአጥሩ ማዶ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። «ሰሞኑን ሳለቅስ ነው የሰነበትኩት። ሰዉ ለልጅቷ ይመስለዋል። ልጅቷማ የምትሄደው አያት ሰፈር ነው፣ በታክሲ ትመጣለች።»

«ታዲያ እኔ ምን ልቁረጥ?» አለ አስገዶም።

ሻይ አጠጣነው። ከመሄዱ በፊት የቆረጠውን ቦታ ጎንበስ ብሎ አየና «ሥሩን አልነካሁትም፣ ይበቅላል» አለ። የወደቀው ግን ወድቋል፤ በበሩ በኩል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ። ሐሴት እዚያ ቦታ ላይ ለብዙ ጊዜ ቆማ አየች። ጫጩቶቹ ጋ ስትሄድ ቀስቃሽ ጮኸችባት፤ ልጄም «እሺ፣ እሺ» እያለች ወደ ኋላ ተመለሰች።

የሠርጉ ዕለት ክፍተቱ በር ሆነልን። የለስላሳ ሣጥን በዚያ ገባ፣ ትርፍ ወንበር በዚያ ወጣ፣ በወዲያ ሲዘፈን በወዲህ ተቀበሉ። ከአያት፣ ከገላን፣ ከየት ከየት የመጡት የፒያሳ ሰዎች አንዱን ድንኳን ጨርሰው ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ሐሴት ሽንቁሩ አካባቢ ክር ወጥራ ማንም እንዳይጠጋ ዘብ ቆማለች፤ የሚዜ ቀሚስ ለብሳ፣ ጌጧን አድርጋ። «ሚዜ ነሽ ወይስ ዘበኛ?» ብላት «ሁለቱንም» አለችኝ።

ሙሽራው መኪናዎቹን አሰልፎ ሲመጣ ኢክላስ ጠፋች። እናቷ ስትጣራ፣ ሚዜዎቹ ሲራወጡ፣ ያ እኔ የሰፋሁት ነጭ ልብስ በሽንቁሩ ብቅ አለ። ጎንበስ ብላ፣ እንደ ልጅነቷ፣ አንዱን ትከሻዋን አስቀድማ። ዓይነ ርግቧ አጋም ላይ ተይዟል።

«አንቺ ልጅ፣ ስንት ሳምንት ነው የሰፋሁት» ብዬ ሮጥኩ።

«በዚህ በኩል ልሰናበትሽ ብዬ ነው፣ እትዬ ጽጌ» አለች። ከእሾሁ ላይ ቀስ ብዬ አላቀቅኳት። ትንሽ ተቀዷል፤ አልጠቀምኩትም። አቅፌያት የተናገርኩት ምንም ነገር የለም፤ ሐሴት «በሕይወቴ እማዬ ዝም ስትል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው» ትላለች። ግን አንድ ሌላ ጊዜም ነበር።

በዚያው ዕለት ማታ ነው፤ ገና አልጨለመም፣ እንግዳው ተሸኝቶ ወንበር እየተሰበሰበ ነው። እምሩ ከሚንጃር በጧት አውቶቡስ መጥተው ቀኑን ሙሉ በእኛ በኩል፣ አጥሩ ሥር፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። እኔና ሐሴት ስለ ዶዘሩ አንድም ቃል አላነሣንባቸውም። እንግዳ ናቸው፣ የገነነ ወንድም ናቸው፤ ሲቀመጡም አንገታቸውን ልክ እንደ እሱ ነው የሚያዘነብሉት።

ጩኸቱ ሲበርድ ቀስቃሽ ጀመረች። ማታ ማታም ትዘፍናለች፣ ከጧቱ ቀስ አድርጋ። እምሩ ብርጭቋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ሲሰሙ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ሰድደው የአጋሙን ቅጠል ነኩ፣ ግንዱን ዳሰሱ።

«ይሄ የአባቴ አጥር አይደለም እንዴ?» አሉ።

«ነው» አለች ሐሴት።

«ይቺን ወፍ ካልሰማኋት ቆየሁ» አሉ። «ዘንድሮ ምን ነካን እያልኩ ነበር። አንድ ነገር ጎደለ፣ ምን እንደጎደለ ግን አላወቅሁትም።» ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጽጌ፣ ከዚህ አጥር…» አሉና ቆሙ።

ሁሉም ነገር ምላሴ ላይ ነበር። ይውሰዱ፣ የእርስዎም አይደል፣ ሁሉንም ይንቀሉት፣ አስገዶምን ልጥራልዎ። ሐሴት በጎን ታየኛለች። ጥርሴን ገጠምኩ። እምሩ መሬቱን ያያሉ፣ ቃሉን ይፈልጋሉ፣ ያጡታል። ገነነም እንዲህ ነበር፤ የሚከብደውን ነገር ሊናገር ሲል መሀል ላይ ይቆማል። እኔ ያን ሁሉ ዘመን እየጨረስኩለት፣ ሊል የነበረው ሌላ ይሁን አይሁን ጠይቄው አላውቅም። ቀስቃሽ ዘፈነች፣ አቆመች፣ ደግማ ጀመረች። ጠበቅሁ።

«…ከሥሩ ትንሽ ቡቃያ ብትሰጪኝ» አሉ በመጨረሻ። «ከነአፈሩ። ድንበሩ ላይ መልሼ ልተክለው።»

«ጨረሱ፣ ጋሽ እምሩ?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ጨረስኩ» አሉ።

ጆንያ ላመጣ ተነሣሁ።